የልጆች የጥርስ ጥንካሬ በድስቱ ውኃና በማዕዱ ይጀምራል

መግቢያ

በስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች ተመድቦ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት ያለፈ ብዙ ልጆች የፊት ጥርሳቸው በልዞ፣ የአንዳንዶቹም ተሸራርፎ መታየቱ ነው። ልጆቹ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይከልላሉ፤ ኮረዶቹም በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። ብዙ ወላጆች ይህ የሆነው ልጁ ጥርሱን ባለመፋቁ ነው ብለው ይቆጡታል። ሌሎች ደግሞ የዘር ነው ብለው ይተዉታል። ሁለቱም አባባል ትክክል አይደለም። ጥርሱ የበለዘው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ፣ ጥርሱም በድዱ ውስጥ ተሸፍኖ በመሠራት ላይ እንዳለ፣ በጠጣው ውኃና በበላው ምግብ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ለጤና ሠራተኞች ብቻ የሚተው አይደለም። ገበሬው ምን ዘርቶ ምኑን እንደሚሸጥና ምኑን ለቤቱ እንደሚያስቀር፣ ከታለበው ወተት ስንቱ ለልጆች እንደሚተርፍ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ምን እንደሚያከማች፣ የጋራው ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር የሚወስኑት ገበሬውና ማኅበሩ ናቸው። የልጁም ጥርስ በእነዚህ ውሳኔዎች ይጠነክራል ወይም ይጎዳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራር አባላት ማወቅና ማድረግ የሚገባቸውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

1. የጥርስ ሽፋን ምን እንደሆነ

ጥርስ ከላይ በጠንካራ ነጭ ሽፋን የተለበጠ ነው። ይህ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ ከኢናሜል የሚጠነክር ነገር የለም፤ አጥንትም ቢሆን አይደርስበትም። በክብደት ሲሰላ ከ100 እጅ 96 እጅ ያህሉ ማዕድን ሲሆን፣ ዋናዎቹም ካልሲየምና ፎስፎረስ ናቸው።

ኢናሜል አንድ ትልቅ ድካም አለበት። ቆዳ ቢቆስል ይሽራል፤ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ኢናሜል ግን አንዴ ከተጎዳ አይተካም። ምክንያቱም ሽፋኑን የሚሠሩት ሕዋሳት ሥራቸውን ጨርሰው ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ሲወጣ ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ምራቅ በያዘው ካልሲየምና ፎስፎረስ ጥቃቅን መሳሳቶችን መልሶ ሊያጠናክር ይችላል፤ የተቦረቦረውን ግን ሊሞላ፣ የበለዘውን ሊያነጣ አይችልም። ስለሆነም ጊዜው ሳያልፍ መጠንቀቅ የሚያሻው ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

2. ሽፋኑ የሚሠራበት ጊዜ

የልማት ሠራተኛው እናቶችን ሲያስተምር የሚከተሉትን ጊዜያት ለይቶ ማስረዳት ይኖርበታል።

ሀ. በእርግዝና ጊዜ፦ የወተት ጥርሶች ሽፋን መሠራት የሚጀምረው ፅንሱ 4ኛ ወሩን ከያዘ አካባቢ ነው። በዚህ ጊዜ እናቲቱ በቂ ምግብ ካላገኘች ልጁ ጥርሱ ደካማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ለ. ከልደት እስከ 5 ዓመት፦ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች ሽፋን በልደት ጊዜ አካባቢ መሠራት ይጀምራል። ቋሚ የፊት ጥርሶች ጥቂት ወራት ቆይተው ይከተላሉ፤ ሽፋናቸውም ከ4 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ድረስ ያልቃል። ልጁ ሲስቅ የሚታዩት እነዚህ በመሆናቸው ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ዕድሜ ነው።

ሐ. ከ5 እስከ 8 ዓመት፦ ከመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች በስተቀር የቀሩት ቋሚ ጥርሶች ሽፋን ተሠርቶ የሚያበቃበት ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው በ8 ዓመቱ የሚታየው ጥርስ በ2 እና በ3 ዓመቱ የተሠራ ነው። ወላጆች ጉዳቱን የሚያዩት ምክንያቱን ከረሱት በኋላ ነው።

3. በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ያለው ችግር

ፍሎራይድ በውኃ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። በጣም አነስተኛ ሲሆን ጥርስን ይጠቅማል፤ ሲበዛ ግን በመሠራት ላይ ያለውን ሽፋን ያበላሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ባለፈ መጠን የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል። በሊትር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም የያዘ ውኃ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ሊጎዳ ይችላል፤ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን አንገትንና ወገብን አድርቆ ሰውን እስከ ማጉበጥ ይደርሳል።

ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ በእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያልፍ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወስዳል። ካልሲየም የበዛበት ውኃ ቢሆን ፍሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጥ ነበር። የአካባቢው ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ ግን በአብዛኛው ካልሲየም የጎደለውና ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ስለዚህ ጥልቅና ጥርት ያለ ጉድጓድ ሁሉ ለልጅ ጥርስ ደህና ነው ማለት አይደለም። ከጀርም የጠራ ውኃ ከፍሎራይድ የጠራ ላይሆን ይችላል።

በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። በወንጂ ሸዋ እርሻ የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመታት ሲጠጡ ከኖሩት ሠራተኞች መካከል አጥንታቸው ደርቆ የጎበጡ ተገኝተዋል። ዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩትና ከተመረመሩት ልጆች ውስጥ ከ100ው ከ80 በላይ በሆኑት ላይ የጥርስ መበለዝ ታይቷል። ስለሆነም ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰብ ሳይሆን የአካባቢው ሁሉ ነው።

4. ውኃው ፍሎራይድ እንዳለበት እንዴት ይታወቃል?

ፍሎራይድ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። በዓይን አይታይም፤ በምላስም አይለይም። የሚታወቅባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው።

ሀ. በልጆች ጥርስ፦ በመንደሩ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆችን የፊት ጥርስ መመልከት ነው። ጉዳቱ ቀላል ሲሆን ጥርሱ ላይ እንደ ጠመኔ ነጫጭ መስመር ይታያል። ጠንከር ሲል ቡናማ ይሆናል። በጣም ሲከፋ ጥርሱ ይቦረቦራል፤ ይሸራረፋል። በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይጎዳሉ። ከተለያየ ጉድጓድ የሚቀዱ ሁለት መንደሮችን ማወዳደር ብዙ ያስተምራል። የልጆች ጥርስ የውኃው መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ልጆቹን በሰው ፊት አቁሞ አፋቸውን ማስከፈት ማሳፈር ስለሚሆን ከወላጅ ወይም ከመምህር ጋር ሆኖ በጨዋነት መሥራት ይገባል።

ለ. በምርመራ፦ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውኃ 3 ጊዜ አለቅልቆ መሙላት፣ የጉድጓዱን ስም፣ ጥልቀቱንና የተቀዳበትን ቀን ጽፎ ወደ ውኃ መሥሪያ ቤት መላክ ነው። የመስተዋት ጠርሙስ ለዚህ ምርመራ አይሆንም። ውጤቱ ሲመጣም ለማኅበሩ ስብሰባ ሊነበብ ይገባል።

5. ጥሩውን ውኃ አስቀድሞ ለሕፃኑ ድስት

ብዙ ጊዜ ትምህርት የሚሰጠው ስለ መጠጥ ውኃ ብቻ ነው። ነገር ግን ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ወጡና ሻይውም በውኃ የሚሠሩ ናቸው። ለምሳሌ የአንድ መንደር ጉድጓድ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለው እንበል። አንድ የ5 ዓመት ልጅ በቀን 1 ሊትር ቢጠጣ 4 ሚሊ ግራም ያገኛል። በገንፎ፣ በወጥና በሻይ ሌላ ግማሽ ሊትር ሲጨመርበት 6 ሚሊ ግራም ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ2 ሚሊ ግራም ብዙም ማለፍ የለበትም።

ውኃን ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ ይጠራቀማል። ከላይ ካልነው ጉድጓድ 4 ሊትር ቀድተን 3 ሊትር እስኪቀር ብናፈላው፣ የቀረው በሊትር 5.3 ሚሊ ግራም ይሆናል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው «ውኃ አፍሉ» ብሎ ሲመክር የትኛውን ውኃ ማለቱ እንደሆነ አብሮ መናገር ይኖርበታል።

ፍሎራይድ ያነሰበት ውኃ የሚገኘው ከዝናብና ስምጥ ሸለቆውን ከሚያዋስኑት ደጋዎች ከሚወርዱ ምንጮች ነው። ይህ ውኃ ለቤተሰቡ ሁሉ ባይበቃ እንኳ ለነፍሰ ጡሮችና ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች መጠጥና ምግብ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ልብስና ዕቃ ለማጠብ፣ ገላ ለመታጠብ የጉድጓዱ ውኃ ይበቃል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለሁለት ትንንሽ ልጆች መጠጥና ምግብ በቀን 5 ሊትር ቢያዝ፣ ዝናብ ለሌለበት 180 ቀን 900 ሊትር ያስፈልጋል። ወለሉ 30 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ቤት፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ከእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝናብ 24 ሊትር ያህል ይሰበስባል። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 960 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ችግሩ የዝናቡ ማነስ ሳይሆን የማጠራቀሚያው መታጣት ነው። 200 ሊትር የሚይዙ 5 በርሜሎች ወይም አንድ የ1,000 ሊትር ታንከር ለዚህ ይበቃሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበ በኋላ ያለው ብቻ ይሰብሰብ፤ ዕቃው ይከደን፤ ውኃው ከመጠጣቱ በፊት ይፍላ። የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ማፍላቱ ጉዳት የለውም።

ከዚህ ሌላ በተከሰለ የከብት አጥንት ወይም አሉምና ኖራ በመጨመር ፍሎራይድን ከውኃ መቀነስ ይቻላል። ሁለቱም ዘዴዎች በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ተሞክረዋል። ነገር ግን አጥንቱ በየጊዜው መለወጥ፣ አሉሙና ኖራውም በትክክል መመጠን ስላለባቸው በየቤቱ በግምት ከመሥራት ይልቅ በማኅበር ደረጃ፣ ሠልጥኖ በተመደበ ሰው ቢያዙ ይሻላል። የአጥንቱም ጉዳይ ከሃይማኖት ጋር የሚያያዝ ጥያቄ ስለሚያስነሣ የየትኛው እንስሳ፣ የማን ዕርድ እንደሆነ አስቀድሞ ከሕዝቡ ጋር መነጋገር ይገባል።

6. ኢናሜልን የሚያጠነክሩ ምግቦች

ካልሲየም ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛ፣ የጥርሱ መሥሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ከምግብ ጋር ሆድ ውስጥ ሲገባ ከፍሎራይዱ ጋር ተጣብቆ ወደ ደም የሚገባውን በከፊል ይቀንሳል። ይህ ማለት ግን ምግቡ የውኃውን ጉዳት ጨርሶ ያስቀራል ማለት አይደለም። ውኃውና ማዕዱ አብረው መስተካከል አለባቸው።

ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 500 ሚሊ ግራም፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለ 600 ሚሊ ግራም፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት ያለ ደግሞ 700 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል። የሚገኘውም ከሚከተሉት ነው።

ሀ. የእናት ጡት፦ እናቲቱ የምትጠጣው ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ቢሆንም ወደ ጡቷ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጁ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ቢጠባ ከረሃብና ከተቅማጥ ብቻ ሳይሆን ከፍሎራይድም ይጠበቃል። ቀደም ብሎ ውኃ ማጉረስ ወይም በጡጦ መስጠት ይህን ጥበቃ ማፍረስ ነው። ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር አደጋው የሚገባው በገንፎው ውኃ በኩል ነው።

ለ. ወተትና የወተት ተዋጽኦ፦ አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 240 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው። እርጎም እንዲሁ ነው። ቅቤ ግን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ካልሲየሙ የሚቀረው በአሬራው ውስጥ ነው። ስለሆነም ቅቤውን ለገበያ አውጥቶ አሬራውን ለልጅ ማስቀረት ገቢንም ጥርስንም የሚጠብቅ ዘዴ ነው። አይብ ሲወጣ ደግሞ ከካልሲየሙ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አጓት የሚደፋ ነገር አይደለም፤ ሊጠጣ ወይም የልጅ ገንፎ ሊገነፋበት ይችላል። ለሕፃን የሚሰጥ ወተት መጀመሪያ መፍላት አለበት፤ እርጎና አሬራም የሚዘጋጀው ከፈላ ወተት ቢሆን ይመረጣል።

ሐ. እህል፦ በእህሎች መካከል ያለው ልዩነት ከፍተኛ ነው። 100 ግራም የዳጉሳ ዱቄት ከ300 ሚሊ ግራም በላይ፣ ጤፍ ከ150 እስከ 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ሲይዙ፣ ስንዴ 30 ያህል፣ በቆሎ ደግሞ 10 እንኳ አይሞላም። መጠኑ እንደ ዝርያውና እንደ አፈሩ ቢለያይም የእህሎቹ ደረጃ ይኸው ነው። ጤፉን ሁሉ ሸጦ በቆሎ ገዝቶ የሚበላ ቤተሰብ ሆዱ ይሞላ ይሆናል፤ የልጁ ጥርስ ግን ይጎዳል። ሁሉን መሸጥ ግድ ቢሆን እንኳ ለሕፃኑ ገንፎና አጥሚት የሚበቃ ጤፍ ወይም ዳጉሳ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ሊጡ በደንብ መቡካቱም ካልሲየሙ በሰውነት ውስጥ በቀላሉ እንዲወሰድ ይረዳል።

መ. ቅጠላ ቅጠል፦ የአበሻ ጎመን በካልሲየም የታወቀ ሲሆን ሰውነትም በደንብ ይወስደዋል። ቆስጣ ግን ካልሲየሙን የሚይዝ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለበት ከጎመን ጋር እኩል አይቆጠርም። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ በኮንሶና በጋሞ አካባቢ የሚበላው የሽፈራው ቅጠል ካልሲየም የበዛበትና ድርቅ የሚችል ስለሆነ በሌሎች ቆላማ ወረዳዎችም በየጓሮው ቢተከል ይጠቅማል።

ሠ. ቦሎቄ፣ ሰሊጥ፣ ዓሣና እንቁላል፦ ቦሎቄና ከነቅርፊቱ የተፈጨ ሰሊጥ ካልሲየም ይጨምራሉ፤ በተለይ በጾም ወራት ነፍሰ ጡሮችን ይደግፋሉ። ከነአጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣም እንዲሁ ነው። እንቁላል ፎስፎረስና ቫይታሚን ዲ ይሰጣል። ቫይታሚን ዲ ካልሲየም ወደ ደም እንዲገባ የሚያደርግ ሲሆን ከፀሐይ ብርሃንም ይገኛል። ሕፃናትን ቀኑን ሙሉ ሸፍኖ በቤት ማኖር ይህን ያሳጣቸዋል።

ጾም የማይገደዱ ሕፃናት በጾም ወራት ወተት ሊከለከሉ አይገባም። እንዲያውም በዚያን ጊዜ ወተት በቤት ስለሚተርፍ ልጆች በብዛት የሚያገኙበት ወቅት መሆን ይገባዋል።

7. ከወጣ በኋላ ጥርስን የሚበሉት ስኳርና አሲድ

እስካሁን ያልነው ሽፋኑ ስለሚሠራበት ጊዜ ነው። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ጠላት ይገጥመዋል፤ ይህም በስምጥ ሸለቆም በደጋውም አንድ ነው። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱም ከኢናሜሉ ላይ ካልሲየምና ፎስፎረስ እየሟሟ እንዲወጣ ያደርጋል። «ጥርስ በትል ተበላ» የሚባለው በእውነቱ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ጣፋጭ ከተበላ በኋላ ምራቅ አሲዱን እስኪያጠፋ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ የሚጎዳው መደጋገሙ ነው። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ ወይም አገዳ የሚያኝክ ልጅ ምራቁ ጥርሱን የሚጠግንበት ጊዜ አያገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳሰበው አንድ ዐዋቂ በቀን የሚወስደው ስኳር ከ12 የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም፤ 6 ቢሆን ይመረጣል። ማርም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ለሕፃን የሚሰጠው ከዚህም እጅግ ማነስ አለበት። ለስላሳ መጠጥ ስኳርም አሲድም ያለበት ስለሆነ ከሁለት በኩል ይጎዳል። ሻይ ቅጠል ደግሞ በተፈጥሮው ፍሎራይድ የሚያከማች ተክል ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ተፈልቶ ስኳር የበዛበት ሻይ ለሕፃን መስጠት የውኃውን፣ የቅጠሉንና የስኳሩን ጉዳት በአንድ ኩባያ ማጠጣት ነው። በሻይው ፈንታ ወተት ወይም አጥሚት ይሰጠው።

ጥርስን በወይራ መፋቂያ ወይም በብሩሽ ጠዋትና ማታ ማጽዳት ያስፈልጋል። የጥርስ ሳሙና የሚጠቀሙ ሕፃናት ከአተር ፍሬ የበለጠ እንዳይወስዱ፣ እንዳይውጡትም ወላጅ መቆጣጠር አለበት።

8. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

ሀ. የወተት አምራቾች ማኅበር አባላት ለገበያ ከማቅረባቸው በፊት ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ቢያንስ አንድ ብርጭቆ በቤት እንዲያስቀሩ በስብሰባ ይወስኑ። ወተት ሸጦ በገንዘቡ ብስኩትና ከረሜላ ይዞ መግባት ለልጁ ኪሳራ ነው።

ለ. የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ከቲማቲምና ከሽንኩርት ማሳ ዳር ጥቂት መደብ ጎመን ለቤት እንዲተከል ያድርጉ።

ሐ. የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ከረሜላና ለስላሳ በፊት መደርደሪያ ከመደርደር ይልቅ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ቦሎቄና ሰሊጥ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቅርብ።

መ. ማኅበሩ ከትርፉ ለቆርቆሮ አሸንዳና ለውኃ ማጠራቀሚያ ብድር ይመድብ፤ ቅድሚያውም ነፍሰ ጡርና ሕፃን ላለበት ቤት ይሁን።

ሠ. አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት በአቅራቢያው ያሉት ይመርመሩ፤ ከተቆፈረም በኋላ ውኃው ሳይመረመር ለመጠጥ አይከፈት።

9. በመስክ ላይ የሚነሡ ጥያቄዎች

የልማት ሠራተኛው በየመንደሩ ከዚህ በታች ያሉትን የመሰሉ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። መልሱን በአክብሮትና በአጭሩ ማቅረብ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እኛ ይህንኑ ውኃ ጠጥተን አድገን የለም ወይ? ምን ሆንን?»
መልስ፦ «አባባ፣ እርስዎ ያደጉት በምን ውኃ ነው? ጉድጓዱ ሳይቆፈር በፊት በምንጭ ወይም በኩሬ ውኃ ያደገ ሰው ጥርሱ ያኔ ተሠርቶ አልቋል። የልጅ ልጅዎ ግን ጥርሱ የሚሠራው ዛሬ፣ በጉድጓዱ ውኃ ነው።»

ጥያቄ፦ «የልጄ ጥርስ በልዟል። በአመድ ወይም በከሰል ባሸው ይነጣ ይሆን?»
መልስ፦ «አይነጣም፣ እማማ። ቀለሙ ያለው በሽፋኑ ውስጥ ነው። በኃይል ሲታሽ የቀረው ሽፋን ይሳሳል። እሱን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ታናሹን ግን ከአሁኑ እናድነው።»

ጥያቄ፦ «ጉድጓዱ መጥፎ ከሆነ ለምን አንዘጋውም?»
መልስ፦ «ሌላ ውኃ ሳይዘጋጅ አይዘጋም፣ ጋሼ። ውኃ ማጣትና የቆሸሸ ኩሬ መጠጣት ሕፃናትን በተቅማጥ ይገድላል። የጉድጓዱን ለማጠቢያ፣ የዝናቡን ለልጆች እያልን ለይተን እንጠቀም፤ ማኅበሩም የተሻለ ውኃ እስኪያገኝ ይጠይቅ።»

ማጠቃለያ

የጥርስ ሽፋን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። የሚሠራውም ከማህፀን እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ፣ እናትና ልጅ በሚጠጡትና በሚበሉት ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ሦስት ነገር እንዲጠይቁ አደራ እንላለን። የሕፃኑ ገንፎ የሚገነፋው በየትኛው ውኃ ነው? ከዛሬው ወተትና አሬራ ለልጁ ስንት ቀርቶለታል? ከጎተራው ውስጥ ለእሱ የተለየ ጤፍ ወይም ዳጉሳ አለ ወይ? መልሶቹን በማስታወሻ ይዘው በየሦስት ወሩ ከማኅበሩ አመራር ጋር ቢመረምሩ የትኛው ቤት በርሜል፣ የትኛው ቤት ምክር እንደሚያስፈልገው ይታወቃል። ዛሬ 2 ዓመት የሞላቸው ልጆች የፊት ጥርስ ገና በመሠራት ላይ ነው። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ቋሚ ጥርሳቸው ሲወጣ ሥራው መሠራት አለመሠራቱ በግልጽ ይታያል።